ከእሳተ ገሞራ መጽሐፍ የወጣችው ምልክት

ዘንገናን ያየ ያውቃል፤ ሐይቁ የተኛው የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ዛሬ የምናወራላችሁ ሰውዬ ደግሞ ስለ እሳተ ገሞራ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ አትሞ፣ እንግሊዝኛ ስትጽፉ ግራ የሚያጋቧችሁን ምልክቶች ያስለመደ ነው።

አልዶ ማኑዚዮ ይባላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሮም በስተደቡብ ባሲያኖ ተወለደ። ሙያው መምህርነት ነበር፤ የመሳፍንት ልጆችን ያስተምር ነበር። አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ቬኒስ ገባና ማተሚያ ቤት ከፈተ። በዚያ ዕድሜ አዲስ ሥራ መጀመር ቀላል አይደለም!

በ1496 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ፒየትሮ ቤምቦ ኤትና ተራራን ወጥቶ የጻፈውን አተመለት። ፊደል ቀራጩ ፍራንቸስኮ ግሪፎ ነበር። ኮማ ላይ ነጥብ የተቀመጠባት ሴሚኮለን (;) የታየችው እዚያች መጽሐፍ ላይ ነው። ሥራዋ ከኛ ድርብ ሰረዝ (፤) ጋር ይቀራረባል። ኮለን (:) ግን እንዳይሸውዳችሁ፤ ሁለት ነጥብን ይመስላል እንጂ ቃል ከቃል አይለይም።

በ1501 አልዶ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ መጻሕፍት ማተም ጀመረ፤ የዘመኑ ስልክ በሏቸው። በዚያው ዓመት ቤምቦ ያዘጋጀው የፔትራርካ የግጥም መጽሐፍ ሲታተም፣ አናባቢ በተዋጠበት ቦታ አፖስትሮፍ (') ገባ።

የኛ ጣጣ እዚህ ጋ ነው። እኛ «ለእኔ»ን «ለኔ» ስንል ፊደሉ ይዋጣል፣ ምልክት አንተውለትም። እንግሊዝኛ ግን የጎደለውን ፊደል ቦታ ያስመለክታል። «ዊ ዊል» ሲያጥር አፖስትሮፏን ከረሳችኋት ቃሉ «ዌል» ሆኖ ይነበባል፤ የውኃ ጉድጓድ ማለት ነው። ለስኮላርሺፕ በላካችሁት ደብዳቤ ላይ አስቡት! «ኢትስ» ደግሞ ብዙዎቻችንን ጥሏል። ስትጠራጠሩ በቦታው «ኢት ኢዝ» አስገብታችሁ አንብቡት፤ ትርጉም ከሰጠ አፖስትሮፍ ይግባ፣ «የእሱ» ለማለት ከሆነ አይግባ። ስልካችሁ ራሱ የሚያርመውንም ዝም ብላችሁ አትመኑት፤ እኛንም ስንቴ አሳስቶናል።

አልዶ በፌብሩዋሪ 1515 ሞተ። በቀብሩ ሥነ ሥርዓት አስከሬኑን በመጻሕፍቱ ከበቡት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1513፣ ሮም ውስጥ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ታትሟል፤ ሁለት ነጥቦቹን እንደያዘ።