ፀሐይን የተከተለው ልጅ

ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1857 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ እርሱ ሳይወለድ ስለ ሞተ እናቱ በብርቱ ድኅነት አሳደገችው። ትምህርት ቤት የገባውም ለሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። በቤቱ ጣራ ላይ በፀሐይ ብርሃን ፎቶግራፍ የሚያጎላ፣ ጁፒተር የተባለ ግዙፍ መሣሪያ ቆሞ ነበር። መሣሪያው ፀሐይን ተከትሎ ካልዞረ ሥዕሉ ይበላሻል። የልጁ ሥራ መዘውሩን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን መከተል ነበር። ሥራው እጅግ አሰልቺ ቢሆንም በትዕግሥት ፈጸመው፤ በደመወዙም እናቱን ይረዳ ነበር።

ባርናርድ በጎለመሰ ጊዜ አብዛኛውን የዓመት ገቢውን አውጥቶ ቴሌስኮፕ ገዛ። በዚያን ዘመን አዲስ ጅራታም ኮከብ ላገኘ ሰው 200 ዶላር ይሸለም ስለነበር፣ ለቤቱ ማሠሪያ የገባበትን ዕዳ በዚሁ ሽልማት ከፈለ። በ1888 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ የከዋክብት መመልከቻ ሥራ ጀመረ። በ1892 ዓ.ም. የጁፒተርን አምስተኛ ጨረቃ አገኘ።

ከሁሉ የላቀው ሥራው ግን ፍኖተ ሐሊብን በፎቶግራፍ ማንሳቱ ነው። መሬት በዛቢያዋ ስለምትሽከረከር ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ይመስላሉ። ቴሌስኮፑን የሚያዞረው መሣሪያ በጥቂቱም ቢሆን ስለሚሳሳት፣ ባርናርድ ከካሜራው ጋር በተጣመረ ሌላ ቴሌስኮፕ አንድ ኮከብ ይመለከት ነበር። ኮከቡ ከተሻገሩት ክሮች መገናኛ ፈቀቅ ባለ ቁጥር በእጁ ይመልሰዋል። በብርድና በጨለማ ለብዙ ሰዓት ዓይኑን ሳይነቅል ይህን ያደርግ ነበር። ጥቂት ቢዘናጋ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ይሆናሉ፤ የሌሊቱም ድካም ከንቱ ይቀራል።

በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ ጥቁር ሥፍራዎች ታዩ። ባርናርድ በመጀመሪያ ከዋክብት የሌሉባቸው ባዶ ቦታዎች መስለውት ነበር። ብዙ ከመረመረ በኋላ ግን አብዛኞቹ ብርሃንን የሚጋርዱ ደመናዎች መሆናቸውን ተረዳ። በ1919 ዓ.ም. የ182ቱን ዝርዝር አሳተመ።

ባርናርድ በ1923 ዓ.ም. አረፈ። የፍኖተ ሐሊብ ፎቶግራፎቹ መጽሐፍ በ1927 ዓ.ም. ታተመ።

የባርናርድን የሌሊት ሥራ ዛሬ አንዲት ትንሽ መሪ ካሜራ ትሠራለች። ካሜራዋ የአንድን ኮከብ ምስል በየጥቂት ሴኮንዱ ለኮምፒዩተር ትልካለች፤ ኮምፒዩተሩም ስሕተቱን ለክቶ ሞተሩን ያርማል። እንዲህ ያለ ካሜራ የሚመርጥ ሰው ከቀለሟ ማማር ይልቅ ደብዛዛ ኮከብ የማየት ኃይሏን ይመለከታል፤ ከዋናው ካሜራ ጋርም አጥብቆ ያስራታል። መሣሪያው ቢለወጥም ሥራው ያው በፎቶግራፍ ቤቱ ጣራ ላይ የተጀመረው ነው፤ የሚጓዘውን ብርሃን ሳይታክቱ መከተል።