የአምባዛ ኩላሊት ያጠናችው ሴት

ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሲወራ የሬቸል ካርሰን ስም ሳይነሣ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚወራው ግን የወፎቹ ነገር ነው። እኔ ዓሣ ስለሚማርከኝ ታሪኳን በውኃው በኩል ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሬቸል በ1907 አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ስፕሪንግዴል በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ተወለደች። ኮሌጅ የገባችው ደራሲ ለመሆን ነበር፤ መሃል ላይ ወደ ባዮሎጂ ዞረች። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ማስተርሷን ስትይዝ የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ አምባዛ ጽንስ የመጀመሪያ ኩላሊት ነበር። ዶክትሬቱን ጀምራ ገንዘብ ስላጠራት ተወችው። አባቷ በ1935 ሲሞቱ ቤተሰቡ እሷ ላይ ወደቀ፤ በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ጽሑፍ እያዘጋጀች ቤቷን ማስተዳደር ያዘች። በ1951 ስለ ባሕር የጻፈችው መጽሐፍ ገንዘብ ሲያስገኝላት፣ በዓመቱ ሥራውን ለቀቀች።

በ1962 የታተመው «ጸጥ ያለው ጸደይ» አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለወንዞች ይሰጣል። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። በ1954 ካናዳ ውስጥ፣ በሚራሚቺ ወንዝ ዙሪያ ያለውን ደን ከሚበላ ትል ለማዳን ዲዲቲ ከአውሮፕላን ተረጨ። ሁለት ቀን ሳይቆይ የሳልሞን ጫጩቶች ወንዙ ዳር ሞተው ታዩ። የተረፉትስ? ምግባቸው የሆኑት የውኃ ነፍሳት አብረው ስላለቁ ረሃብ ጠበቃቸው። አላባማ ውስጥ ደግሞ በ1950 ገበሬዎች ጥጥ ላይ የረጩትን ቶክሳፊን ዝናብ አጥቦ ጅረት ውስጥ ከተተውና ዓሣውን ፈጀው። ሰዎቹ እኮ የረጩት ማሳቸው ላይ ነው፤ ወንዝ ላይ አይደለም! ካሊፎርኒያ ክሊር ሌክ የገባው ዲዲዲ ደግሞ በ1949 ለ70 ሚሊዮን እጅ ውኃ 1 እጅ ብቻ ነበር። በ1954 እና በ1957 ግን ተደገመ። መርዙ ከፕላንክተን ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ዓሣ በሊታ ወፍ እየተጠራቀመ ሄዶ፣ በወፎቹ ስብ ውስጥ በሚሊዮን 1,600 እጅ ደረሰ።

መጽሐፉን ስትጨርስ የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። ተቃዋሚዎቿ ከበሽታዋ የመነጨ ጥላቻ ነው እንዳይሏት ከቅርብ ወዳጆቿ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ያም ሆኖ የኬሚካል ኩባንያዎች ዘመቻ አልቀረላትም። ፀረ ተባይ ጭራሹን ይቅር ብላለች የሚሉ ዛሬም አሉ፤ እሷ ግን እንዲህ አላለችም፣ የተቃወመችው ጉዳቱን ሳያውቁ በጅምላ መርጨትን ነው። በጁን 1963 እየታመመች በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ መሰከረች።

በማርች 1964 የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በሚሲሲፒ ወንዝ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓሣ የጨረሰው ኢንድሪን የተባለው ፀረ ተባይ መሆኑን አስታወቁ። ሬቸል በቀጣዩ ወር፣ አፕሪል 14፣ በ56 ዓመቷ አረፈች።