አጤ ዮሐንስ አራተኛና የኰርዓተ ርእሱ ሥዕል

በሰሙነ ሕማማት ምእመናን ከሚያስቧቸው ዐሥራ ሦስቱ ሕማማተ መስቀል መካከል የኢየሱስ ክርስቶስ ራሱን መመታትና የእሾህ አክሊል መድፋት ይገኙበታል። ይህን መከራ የሚያሳየውና በግእዝ ኰርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ከነገሥታት ታሪክ ጋር በጽኑ የተቆራኘ ነው። በዚህ የትንሣኤ በዓል የምናወሳቸው አጤ ዮሐንስ አራተኛም ሥዕሉ ከአገር ከወጣ በኋላ እንዲመለስ በደብዳቤ የጠየቁ ንጉሠ ነገሥት ናቸው።

አጤ ዮሐንስ በ1829 ዓ.ም. ገደማ በተምቤን፣ ከአባታቸው ከሹም ተምቤን ምርጫ ወልደ ኪዳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስላስ ድምፁ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ካሣ ነበር። በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን ማብቂያ ሸፍተው ትግራይን ያዙ። የእንግሊዝ ጦር እስረኞችን ለማስፈታት በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምትም መንገድ ከፈቱለት፤ ስንቅም እንዲገዛ ፈቀዱለት። ለዚህም ውለታ መድፍና ጠመንጃ ተሰጣቸው።

ኰርዓተ ርእሱ በዚያ ጊዜ በመቅደላ አምባ ነበር። የጥበብ ታሪክ ምሁራን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ በአውሮፓ የሕዳሴ ዘመን፣ በፍላንደርስ ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ የተሣለ መሆኑን ይገምታሉ። በጎንደር ነገሥታት ዘንድ ግን የባዕድ አገር ሥራ መሆኑ ተረስቶ የመንግሥቱ ጠባቂ እስከመሆን ደርሶ ነበር። መኳንንቱ ይምሉበት፣ ነገሥታቱም ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ ነበር። አጤ ኢያሱ ዳግማዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ስናር ዘምተው ድል በሆኑ ጊዜ በጠላት እጅ ወድቆ፣ በኋላ በቤዛ ተመልሷል። የጎንደር ሠዓሊዎችም በብራና መጻሕፍትና በእንጨት ገበታ ላይ ደጋግመው ገለበጡት። በአንዳንዶቹ ግልባጮች ላይም ከዋናው የሌሉ፣ በግራና በቀኝ ቆመው የክርስቶስን ራስ የሚመቱ ሰዎች ተጨመሩ።

በ1860 ዓ.ም. የአሮጌ ውጊያ የተደረገው ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት ነበር። አጤ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በትንሣኤ ማግስት፣ ራሳቸውን ሲሠዉ አምባው ተዘረፈ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን አግኝቶ ለራሱ አስቀረው።

ካሣ ሐምሌ 5 ቀን 1863 ዓ.ም. አጤ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው፣ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄያቸው ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍና ኰርዓተ ርእሱ እንዲመለሱ ነበር። መጽሐፉ ተላከላቸው። ስለ ሥዕሉ ግን ዱካው እንዳልተገኘ፣ ወደ እንግሊዝ መግባቱም እንደሚያጠራጥር ተነገራቸው። በዚያ ጊዜ ሆልምስ የንግሥቲቱ የዊንድሶር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር፤ ሥዕሉም በእጁ ነበር።

አጤ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ነሡ። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ በቦሩ ሜዳ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ሰበሰቡ። ከኮምቦልቻ አቀበቱን ወጥቶ ደሴ ለገባ መንገደኛ ይህ ሜዳ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ይርቃል። የደሴን ስም ያወጡትም እርሳቸው እንደሆኑ በአካባቢው ይነገራል። በጉባኤው የተዋሕዶ እምነት ጸንቶ የጸጋ ትምህርት ተወገዘ። የወሎ ሙስሊም መኳንንትና ሕዝብም ክርስትናን እንዲቀበሉ ታወጀ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲባሉ፣ ብዙዎች ግን ተሰደዱ፤ እንደ ሸኽ ጦልሃ ያሉትም ዐመፁ። የተገፋውን ክርስቶስ ሥዕል የናፈቁት ንጉሥ በሰው እምነት ላይ ይህን አዋጅ ማውጣታቸው በወሎ ምድር እስከ ዛሬ በሐዘን ይታወሳል።

ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ካቃጠሉ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጊያው መካከል ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ገብቶ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ኰርዓተ ርእሱን ሳያዩት አለፉ።

ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1905 በእንግሊዝ አገር የጥበብ መጽሔት ላይ ታትሞ የት እንደነበረ ታወቀ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 በለንደን በጨረታ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ አንድ ፖርቱጋላዊ ገዝቶ ወደ አገሩ ወሰደው። አጤ ዮሐንስ የጠየቁት ሳይመለስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል።

በአገር ውስጥ የቀሩት ግልባጮቹ ናቸው። ዋናውን ያላየ ሠዓሊ ከግልባጩ ሲገለብጥ፣ ዋናውን ያላየ ምእመን በግልባጩ ፊት ሲሰግድ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ መከራውም አልተረሳም። ይሁንና ግልባጩ መኖሩ የንጉሡን ጥያቄ አይሽረውም። ባለቤቱ ማን እንደነበረ የሚመሰክሩት እነዚሁ ግልባጮች ናቸውና።

ለክርስትና እምነት ተከታዮች በሙሉ መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።