ናንሰን፦ መመለስን የተማረው መንገደኛ

በሰሜን ኖርዌይ፣ ከትሮምሶ ከተማ በስተምሥራቅ፣ የሊንገን ተራሮች ከባሕሩ ዳር ተነስተው ሽቅብ ይወጣሉ። ከፍተኛው ጫፍ 1,834 ሜትር ነው። ክረምቱ አልፎ ፀደይ ሲገባ፣ በኤፕሪልና በሜይ፣ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ስኪ እግራቸው ላይ አስረው እነዚህን ተራሮች ይወጣሉ። ስኪው ወደ ኋላ እንዳያንሸራትታቸው ከሥሩ ጠጉር ያለው ቆዳ መሰል ጨርቅ ይለጥፋሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጨርቁን ገፈው እስከ ባሕሩ አጠገብ ይንሸራተታሉ። ከሜይ 20 ገደማ ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም። ቀን ላይ በረዶው ስለሚላላና ሊናድ ስለሚችል፣ ቀዝቀዝ ሲልና ሲጠነክር በእኩለ ሌሊት ፀሐይ የሚወጡም አሉ። ሁሉም የሚያውቁት አንድ ሕግ አለ፤ በረዶው ካላማረ፣ ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ቢቀርም መመለስ ነው።

ስኪን የሩቅ መንገድ መጓጓዣ አድርጎ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ዋነኛው ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ነው። መመለስን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አያውቅበትም ነበር። የተማረው በ33 ዓመቱ፣ በረዶ ላይ ነው።

ናንሰን በኦክቶበር 10 ቀን 1861 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክሪስቲያኒያ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ እናቱ ደግሞ ለሴት ነውር ነው በሚባልበት ዘመን ስኪ የምትወድ ሴት ነበረች። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ስኪ ላይ ቆመ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የእንስሳት ሳይንስን የመረጠው ከቤት ውጭ ለመዋል ሲል ነው ይባላል። በ1882 በአንዲት የአቆስጣ አዳኝ መርከብ ተሳፍሮ የግሪንላንድን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከሩቅ አየ፤ ልቡም እዚያው ቀረ። ከዚያ በበርገን ሙዚየም ተቀጥሮ የነርቭን አሠራር ሲያጠና ቆየ። በ1884 ክረምት ከበርገን እስከ ክሪስቲያኒያ ተራራውን በስኪ አቋረጠ።

በ1888 የዶክትሬት ጽሑፉን አቅርቦ ብዙም ሳይቆይ ወደ ግሪንላንድ ተነሳ። የዚያን አገር መሃል በረዶ ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ከእርሱ በፊት የሞከሩት ሰው ከሚኖርበት ከምዕራቡ ዳርቻ ተነስተው፣ ሲደክማቸው ወደመጡበት ተመልሰዋል። ናንሰን ነገሩን ገለበጠው። ሰው እምብዛም ከማይኖርበት ከምሥራቁ ተነስቶ ሰው ወዳለበት ወደ ምዕራቡ ለመሄድ ወሰነ። ከኋላ ምንም ስለማይኖር፣ በሕይወት መቆየት የሚቻለው ወደፊት በመሄድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እብደት ነው አለው።

አብረውት አምስት ሰዎች ሄዱ፤ ከእነርሱም ሁለቱ፣ ሳሙኤል ባልቶና ኡለ ራቭና፣ በስኪ ያደጉ የሳሚ ሕዝብ ልጆች ነበሩ። መርከቧ ዳርቻው ላይ ልታደርሳቸው ስላልቻለች በጁላይ 17 በሁለት ጀልባ ወረዱ። በባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ ይዟቸው ለ12 ቀን ያህል ወደ ደቡብ ወሰዳቸው። መሬት ይዘው፣ ያጡትን መንገድ ወደ ሰሜን ቀዝፈው፣ መውጣት የጀመሩት በኦገስት አጋማሽ ነው። ቀን በረዶው እየላላ እግራቸውን ስለዋጠው በሌሊት መጓዝ ጀመሩ። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወደ 45 ዲግሪ ወረደ። ነፋሱ ሲመች የሚጎትቷቸውን የበረዶ ጋሪዎች አጣምረው ሸራ ሰቀሉባቸውና እንደ ጀልባ አስኬዷቸው። በኦክቶበር 3 ናንሰንና ኦቶ ስቬርድሩፕ በእንጨትና በድንኳን ሸራ በሠሯት ጀልባ ጎትሆብ ከተማ ደረሱ። የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ አምልጧቸው ስለነበር ክረምቱን እዚያው አሳለፉ፤ ናንሰንም ካያክ መቅዘፍን ከኢኑይት ሕዝብ ተማረ። በ1889 ክሪስቲያኒያ ሲገባ ሕዝቡ ወደቡን ሞልቶ ጠበቀው። ስለ ጉዞው በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ አውሮፓውያንን ወደ ስኪ ሳበ።

እንግዲህ ይህ ሰው ያኔ ያመነው አንድ ነገር ነው፤ የመመለሻ መንገድ ያለው ሰው ይመለሳል፣ ስለዚህ መመለሻውን ቁረጥ።

በዚሁ መንፈስ ቀጣዩን ጉዞ አሰበ። ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተደፍጥጣ የሰጠመች የአሜሪካ መርከብ ስብርባሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግሪንላንድ ዳር ተገኝቶ ነበር። ናንሰን ከዚህ ተነስቶ በረዶው ራሱ በዋልታው አካባቢ እንደሚጓዝ ገመተ። በረዶው ሲጨምቃት ከመሰበር ይልቅ ሽቅብ የምትንሸራተት ክብ ሆድ ያላት መርከብ አሠራ። ስሟን ፍራም አላት፤ ወደፊት ማለት ነው። በጁን 1893 ባለቤቱን ኤቫንና የወራት ዕድሜ ያላትን ልጁን ሊቭን ትቶ ሄደ። በሴፕቴምበር መርከቧ በረዶው ውስጥ ገብታ ረጋች። ጉዞው ግን እንደ ኤሊ ነበር፤ አቅጣጫውም በዋልታው ላይ እንደማያልፍ ታወቀ። ስለዚህ ናንሰን ያልማር ዮሃንሰን ከተባለ ብርቱ ስኪ ተጓዥ ጋር መርከቧን ትቶ በእግር ለመሄድ ወሰነ።

ሁለት ጊዜ ወጥተው ሁለት ጊዜ ተመለሱ፤ መጀመሪያ ጋሪው ተሰበረ፣ ቀጥሎ ጭነቱ በዛ። በሦስተኛው፣ በማርች 14 ቀን 1895፣ በ28 ውሻ፣ በሦስት ጋሪና በሁለት ካያክ ተነሱ። መጀመሪያ ላይ በረዶው ሜዳ ነበር፤ በኋላ ግን ተሰባብሮ እንደ ካብ የተደረደረ ሆነ። እያንዳንዱን ጋሪ ማንሳት፣ ማሻገር፣ እንደገና ማንሳት ነበረባቸው። ላባቸው ልብሳቸው ላይ ረግቶ እንደ ብረት ስለጠነከረ የናንሰንን የእጅ አንጓ ቆረጠው። ከዚህ ሁሉ የከፋው፣ እነርሱ ወደ ሰሜን ሲጓዙ የረገጡት በረዶ ወደ ደቡብ መንሸራተቱ ነው።

በኤፕሪል 8 ከ86 ዲግሪ ትንሽ አልፈው ቆሙ። ከእነርሱ በፊት ማንም ሰው እዚያ ድረስ አልደረሰም ነበር። ናንሰን ብቻውን በስኪ ወደፊት ሄዶ ቃኘ፤ እስከ አድማስ ድረስ ያው የተሰባበረ በረዶ ነው። ስንቁን አሰበ፣ ውሾቹን ቆጠረ፣ የፀደዩን መቅለጥ አሰላ። ከዚያም ወደ ደቡብ ዞረ። መመለሻን መቁረጥ የሚወደው ሰው፣ ወደፊት የተባለችውን መርከብ የሠራው ሰው፣ የዓለምን ክብር ፊት ለፊቱ እያየ ተመለሰ። እዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ መትረፋቸው የሚያጠራጥር ነበር።

መመለሱም ቀላል አልነበረም። በዚያ ኬክሮስ በኤፕሪል ፀሐይ አትጠልቅም፤ ቀኑን ከሌሊቱ የሚለይ ነገር የለም። ደክሟቸው ሰዓታቸውን መሙላት ረሱና ሁለቱም ሰዓት ቆመ። ትክክለኛ ሰዓት የሌለው መንገደኛ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት እንዳለ ማወቅ አይችልም። ብርሃን ሞልቶ ሳለ መንገድ ጠፋባቸው። ፀደዩ ሲገፋ በረዶው እየተሰነጠቀ ውሃ በየቦታው ከፈተ፤ እርጥቡ በረዶ ስኪና ጋሪ ያዘ። ስንቁ ሲያልቅ ውሾቹን አንድ በአንድ እያረዱ ለቀሩት አበሏቸው። በኦገስት ክፍት ባሕር ዳር ሲደርሱ የቀሩት ሁለት ውሾች ብቻ ነበሩ። የራሱን ውሻ መግደል ለሁለቱም ስለከበዳቸው አንዱ የሌላውን ውሻ ተኮሰ።

ክረምቱ በፍራንዝ ጆሴፍ ደሴቶች ያዛቸው። ድንጋይ ክበው፣ በዋልረስ ቆዳ ሸፍነው፣ የድብ ሥጋ እየበሉ ስምንት ወር ያህል ተኙ። በአንድ የመኝታ ከረጢት ውስጥ እያደሩ እንኳን እርስ በርስ አንቱ ይባባሉ ነበር፤ አንተ መባባል የጀመሩት በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። በጁን 1896 የታሰሩት ካያኮች ተፈትተው በነፋስ ሄዱባቸው። ስንቃቸውና መሣሪያቸው ሁሉ በእነርሱ ላይ ስለነበር ናንሰን በረዷማው ባሕር ውስጥ ዘሎ ገባ። እጅና እግሩ ደንዝዞ ሊሰጥም ሲል ደረሰባቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በጁን 17፣ የውሻ ጩኸት ሰማ፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ፍሬድሪክ ጃክሰን እዚያ ሰፍሮ ኖሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት አገራቸው ገቡ። ፍራምም ሰዎቿን ሁሉ ይዛ በደኅና ወጣች፤ ሁሉም በትሮምሶ ተገናኙ። ከመካከላቸው አንድም ሰው አልሞተም።

ናንሰን ዋልታውን ሳያይ ኖሮ ሞተ። መመለሱ ግን ለሌሎች ሰዎች ቤት የመግባት ምክንያት ሆነ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር በየአገሩ የቀሩትን የጦር ምርኮኞች ወደ ቤታቸው እንዲመልስ ሾመው፤ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ተመለሱ። ቀጥሎም የስደተኞች ኮሚሽነር ሆነ። ከሩሲያ የተሰደዱት ሰዎች ዜግነታቸው ተሰርዞ፣ ያለ ወረቀት በየድንበሩ ቆመው ነበር። ለእነርሱ በ1922 የናንሰን ፓስፖርት የተባለው ሰነድ ወጣ፤ ቆይቶም ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት። ሠዓሊው ማርክ ሻጋል ከያዙት አንዱ ነበር። በ1924 አርመናውያን ስደተኞችም ተጨመሩ፤ ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ የወሰዱትም በዚያው ዓመት ነው።

ሰነዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይዞ መውጣት እንጂ ወደ ሰጠው አገር ለመመለስ መብት አይሰጥም ነበር። በ1926 በተደረገው ስምምነት የመመለሻ ቪዛ እንዲታተምበት ተወሰነ። ናንሰን በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበል ገንዘቡን ለእርዳታ ሥራ ሰጠ። በሜይ 13 ቀን 1930 በቤቱ አረፈ።

የጀመረው ሥራ ከእርሱ በኋላ መልኩን እየለወጠ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የምንለው ሆኗል። ወላጆቻችንና አያቶቻችን በሱዳን ካምፖች ቀን ሲቆጥሩ፣ በዚያ አገር ስለ ስደተኞች ይሠራ የነበረው ይኸው ኮሚሽን ነው። ከቤተሰባችን በሌሊት በእግር ሄዶ፣ ወረቀት ሳይኖረው ድንበር ላይ የቆመ ሰው ስላለ፣ ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በትምህርት መንገድ ላይ ላለነውም አንድ ነገር ይተውልናል፤ የያዝነው መንገድ አላስኬድ ሲል ዞሮ ሌላ መፈለግ ሽንፈት አይደለም። ናንሰን በ86 ዲግሪ ባይመለስ ኖሮ ያ ወረቀት በማን ስም ይጠራ ነበር?