ቀያሹ ደራሲ፦ ሆሴ ሪዛልና የመሠረቱ ድንጋይ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለሙያችን ትምህርት የሚሰጥ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የታላላቅ ድልድዮችንና ግድቦችን ሠሪዎች ስም እንደምጠራ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ኑሮውን በዓይን ሐኪምነት የገፋ፣ ስሙ በልብ ወለድ ደራሲነት የታወቀ፣ በመጨረሻም በ35 ዓመቱ በጥይት ተደብድቦ የሞተ አንድ የፊሊፒንስ ሰው ነው። ይህ ሰው ሆሴ ሪዛል ይባላል። ከሐኪምነቱም ከደራሲነቱም አስቀድሞ የተማረው ሙያ የመሬት ቅየሳ ስለሆነ፣ ከእኛ ቤት ባዕድ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ በመጽሐፉ ያነሣው ጥያቄ የእያንዳንዳችን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ ፍትሕ በጎደለበት አገር መልካም ሥራ መሥራት ብቻውን ይበቃልን? የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪዛል ሰኔ 19 ቀን 1861 ከማኒላ በስተደቡብ፣ ላጉና በተባለው አውራጃ፣ ካላምባ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከአሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛው ነበር። ወላጆቹ የተማሩና የደላቸው ነበሩ፤ ነገር ግን የሚያርሱት መሬት የራሳቸው አልነበረም። የካላምባ ሰፊ እርሻ የዶሚኒካን መነኮሳት ርስት ስለነበረ፣ ቤተሰቡ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ኪራይ እየከፈለ ያለማ ነበር። በዚያን ጊዜ ስፔን ፊሊፒንስን መግዛት ከጀመረች ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ከማድሪድ የሚላኩት አገረ ገዢዎች በየጥቂት ዓመቱ ሲለዋወጡ፣ መነኮሳቱ ግን ከየሰበካቸው አይነቃነቁም ነበርና፣ እውነተኛው ሥልጣን በእነርሱ እጅ እንደነበረ የታወቀ ነው።

የልጅነት ዘመኑ በሁለት ሐዘን የተመታ ነበር። በመጀመሪያ እናቱ ወይዘሮ ቴዎዶራ አሎንሶ ዘመዳቸውን በመርዝ ለመግደል አስበዋል በሚል ክስ ተይዘው፣ እስከ አውራጃው ከተማ እስከ ሳንታ ክሩዝ ድረስ በእግራቸው እንዲሄዱ ተደርገው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ታሰሩ። ሁለተኛው በየካቲት 1872 የደረሰው ነው። በካቪቴ የጦር ሰፈር ከተነሣው ዐመፅ ጋር ተባብራችኋል ተብለው፣ ጎሜዝ፣ ቡርጎስና ሳሞራ የተባሉ ሦስት የአገሩ ተወላጅ ካህናት በአደባባይ ታንቀው ተገደሉ። የሪዛል ታላቅ ወንድም ፓሲያኖ ከአባ ቡርጎስ ጋር የቀረበ ግንኙነት ስለነበረው፣ መርካዶ የተባለው የቤተሰቡ ስም በባለሥልጣኖች ዘንድ ተጠርጣሪ ሆነ፤ ልጁም ትምህርት ቤት ሲገባ ሪዛል በሚለው ስም ተመዘገበ።

በማኒላ ኢየሱሳውያን በሚያስተዳድሩት በአቴኔዎ ትምህርት ቤት በ1877 በከፍተኛ ማዕርግ ከተመረቀ በኋላ፣ እዚያው የቅየሳ ትምህርት ተከታትሎ በ1878 ፈተናውን አለፈ። ይሁን እንጂ ዕድሜው ገና ስለነበረ ፈቃዱን ያገኘው በ1881 ነው። በዚህ መካከል የእናቱ ዓይን እየደከመ መምጣቱን በማየት፣ በሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በ1882 ወላጆቹ ሳያውቁ፣ በወንድሙ ርዳታ ወደ ስፔን ተሳፈረ። በማድሪድ ሕክምናን፣ ፍልስፍናንና ሥነ ጽሑፍን ካጠና በኋላ፣ በፓሪስና በሃይደልበርግ በታወቁ የዓይን ሐኪሞች ሥር ሙያውን አዳበረ።

ስሙን ያስጠራውን መጽሐፍ የጨረሰው በበርሊን፣ በብርድና በችግር ተቆራምዶ ነው። ማክሲሞ ቪዮላ የተባለ የአገሩ ልጅ ባበደረው 300 ፔሶ በመጋቢት 1887 ሁለት ሺህ ቅጂ ታተመ። ርእሱ በላቲን ኖሊ ሜ ታንጄሬ ሲሆን፣ በዮሐንስ ወንጌል ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ለመግደላዊት ማርያም ከተናገረው የተወሰደ ነው፤ በእኛ ቋንቋ አትንኪኝ ማለት ነው። ሪዛል ስሙን የመረጠበት ምክንያት የሐኪም ምክንያት ነው። የአገሩ ማኅበራዊ ኑሮ ገና ሲነኩት በሚያሳምም ክፉ ነቀርሳ እንደተያዘ ያምን ነበርና፣ ሕመሙን ሸፍኖ ከማባባስ ገልጦ ማሳየት ይሻላል ብሎ ተነሣ።

የታሪኩ ባለቤት ክሪሶስቶሞ ኢባራ የሚባል ወጣት ነው። ሰባት ዓመት በአውሮፓ ተምሮ ሲመለስ አባቱ በእስር ቤት መሞታቸውን፣ አስከሬናቸውም በሰበካው ቄስ በአባ ዳማሶ ትእዛዝ ከመቃብር ወጥቶ ሐይቅ ውስጥ መጣሉን ይሰማል። ኢባራ ግን ቂሙን ዋጥ አድርጎ፣ አባቱን የሚያስታውስበት አንድ ትምህርት ቤት በትውልድ ከተማው በሳን ዲዬጎ በገዛ ገንዘቡ ለመሥራት ይወስናል። የከተማው መምህር በቄሱ መኖሪያ ሥር፣ ከሠረገላው አጠገብ ያስተምራል። መምህሩ ግርፋትን አስቀርቶ ልጆቹን በፍቅር ለማስተማር ቢሞክር፣ ቄሱ ብቻ ሳይሆኑ ወላጆቹም ጭምር ተቃውመውት ወደ አለንጋው እንዲመለስ ተገድዷል። ኢባራ ይህን ሁሉ ሰምቶ መድኃኒቱ አዲስ ሕንፃ ነው ይላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምዕራፍ በግንባታ ቦታ ለዋለ ሰው ልብ የሚሰቅል ነው። በከተማዋ የንግሥ በዓል ዕለት የመሠረቱ ድንጋይ ይቀመጣል። ድንጋዩን የሚያወርደውን ከባድ ማንሻ ያቆመው አንድ መልኩ የገረጣ ሰው ነው፤ ለአሠሪው ራሱ ቀርቦ በሙያው ተማምኖ ሥራውን የተቀበለ ነው። ቄሱ ባርከው፣ ሹማምንቱ በየተራ ጭቃውን በማንኪያ ነክተው ከወጡ በኋላ፣ ኢባራ ተለምኖ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ማንሻው ከነድንጋዩ ይናዳል። አቧራው ሲገለጥ ኢባራ ቆሞ ይታያል፤ የሞተው ማንሻውን የሠራው ሰው ነው። ኤልያስ የተባለ ምስኪን ጀልባ ቀዛፊ ተንኮሉን አስቀድሞ ደርሶበት ኖሮ አዳነው። ሰው ሁሉ ግን በመጀመሪያ ጣቱን የቀሰረው በአሠሪው ላይ ነበር። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ እንጨቱም አልከዳም፤ የከዳው የሰው እጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ የኢባራ ነገር ቁልቁል ይሄዳል። በግብዣ ላይ አባ ዳማሶ የአባቱን ስም ሲያጎድፉ እጁን ስላነሣባቸው ይወገዛል፤ ኋላም እርሱ በማያውቀው የሐሰት ዐመፅ መሪነት ተከስሶ ይታሰራል። ኤልያስ ከእስር አውጥቶት በሐይቁ ላይ ሲያሸሸው ራሱ በጥይት ተመትቶ ይሞታል። ኢባራ ሕዝቡ እንዲሻሻል ከበላይ የሚሰጠውን መልካም ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ኤልያስ ደግሞ የተበዳዮቹን ድምፅ የሚያሰማ ነው። ብዙ ሐያስያን ሪዛል ከሁለቱ የትኛው ነው እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። እኔ ግን መጽሐፉን ደጋግሜ ሳነብ ያስተዋልሁት ሌላ ነገር ነው። ኢባራ ለሕዝቡ ትምህርት ቤት ይሠራል እንጂ፣ ከሕዝቡ ጋር አይሠራም። በምረቃው ዕለት ገበሬው ተመልካች ነው። ስለዚህም ኢባራ በተያዘ ጊዜ ሥራው የእኔ ነው ብሎ የሚቆምለት ሰው አልተገኘም።

መጽሐፉ ማኒላ እንደደረሰ የሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መርምረው ሃይማኖትንና መንግሥትን የሚነካ ነው ሲሉ ፈረዱበት፤ የሳንሱር ጉባኤውም እንዲታገድ አሳሰበ። ሪዛል በዚያው ዓመት ወደ ካላምባ ተመልሶ ነበር። መንግሥት ስለ ርስቱ መረጃ በጠየቀ ጊዜ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጦ ኪራዩ እንዴት እየናረ እንደሄደ የሚያስረዳ አቤቱታ በ1888 መጀመሪያ አዘጋጀ። ዋጋውን የከፈሉት ግን ቤተሰቦቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። እርሱ እንደገና ወደ ውጭ ከሄደ በኋላ ክርክሩ ተሸንፎ፣ በ1890 እና በ1891 ብዙ ባላገሮች በወታደር ኃይል ከቤታቸው ተባረሩ፤ ከእነርሱም መካከል ወላጆቹና እኅቶቹ ነበሩ።

በ1891 በቤልጂግ በጌንት ከተማ የታተመው ሁለተኛው ልብ ወለዱ ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ ይህ ምሬት የወለደው ነው፤ መታሰቢያነቱም በ1872 ለተገደሉት ሦስቱ ካህናት ተሰጥቷል። ኢባራ በዚህ መጽሐፍ ሲሙን የሚባል ጌጣጌጥ ነጋዴ መስሎ ይመለሳል። በመክፈቻው፣ በእንፋሎት መርከብ ላይ የሚደረገው ጨዋታ ለእኛ ሙያ ሰዎች የተጻፈ ይመስላል። ሹማምንቱ የደለል ክምር የሞላውን ወንዝ እንዴት እናጥልቀው እያሉ ሲመክሩ፣ ሲሙን በግዳጅ ጉልበት ማኒላን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ቦይ ይቆፈር፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ሰፈሮችም ይፍረሱ ይላል። አንዱ ሹም ደግሞ ዳክዬዎች ቀንድ አውጣ ፍለጋ አሸዋውን ስለሚጭሩ፣ ሕዝቡ ሁሉ ዳክዬ እንዲያረባ ይታዘዝ ይላል። ሳቁ መራራ ነው፤ በዕቅዱ ውስጥ ነዋሪው በቁጥር እንጂ በሰውነት አልገባምና። ሲሙን በመጨረሻ በመብራት ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ገዢዎቹን በአንድ ምሽት ለማጥፋት ያሴራል፤ እርሱም አይሳካለትም። የኢባራ ትምህርት ቤትና የሲሙን ፈንጂ፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ብቻ የተጠነሰሱ ነበሩ።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ሪዛል በሥራው ጻፈው ማለት ይቻላል። በ1892 ወደ ማኒላ ተመልሶ የመረዳጃና የመሻሻል ማኅበር ባቋቋመ በሦስተኛው ቀን ተያዘና፣ በሚንዳናዎ ደሴት ወደምትገኘው ወደ ዳፒታን ተጋዘ። በዚያም አራት ዓመት ኖረ። ከሎተሪ በደረሰው ገንዘብ በባሕሩ ዳር መሬት ገዝቶ ቤት ሠራ፤ በሽተኞችን አከመ፤ የእናቱንም ዓይን በገዛ እጁ ቀዶ አከመ። በከተማዋ አደባባይ የሚንዳናዎን ደሴት ተራራና ሸለቆ በአፈር ቅርጽ ሠርቶ ለተማሪዎች ማስተማሪያ አደረገው። የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ቋንቋና ሒሳብ አስተማረ፤ ክፍያቸው ገንዘብ ሳይሆን ጉልበት ነበር።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ለዳፒታን ያስገባው ውሃ ነው። ምንጩ ከከተማዋ ከወንዙ ማዶ የሚወርድ ትንሽ የተራራ ጅረት ነው። መስመሩ የመሬቱን ከፍታ እየተከተለ፣ በስበት ኃይል ብቻ ውሃውን ወደ ታች ያደርሳል። ድንጋይ መፈልፈያ ፈንጂ አልነበረውም። ከእርሱ ሞት በኋላ ሥራውን የተመለከተ አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ በአድናቆት መስክሮለታል። በእጃቸው ድንጋይ የተሸከሙት ልጆች ውሃው የማን እንደሆነ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

በ1896 ካቲፑናን የተባለው ምስጢራዊ ማኅበር ለዐመፅ ተዘጋጅቶ ምክሩን በላከበት ጊዜ፣ ሪዛል ሕዝቡ ሳይሰናዳና መሣሪያ ሳይኖረው እንዳይነሣ መከረ። በኩባ በሐኪምነት ለማገልገል ተፈቅዶለት ጉዞ ላይ ሳለ ዐመፁ በነሐሴ ፈነዳ። ከመንገድ ተይዞ ተመለሰ፤ በወታደራዊ ችሎት ተፈርዶበት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1896 ማለዳ በማኒላ በባጉምባያን ሜዳ ተረሸነ። ገዳዮቹ ዐመፁ የሚበርድ መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን እንደጠበቁት አልሆነም። የስፔን አገዛዝ ሁለት ዓመት አልቆየም። ፊሊፒንስ በ1956 ባወጣችው ሕግ ሁለቱ ልብ ወለዶች በትምህርት ቤቶች እንዲጠኑ ደነገገች።

የውሃው መስመር ሪዛልን ከጥይት አላዳነውም፤ ስለዚህ መልካም ሥራ ብቻውን ይበቃል ብዬ ለመደምደም አልደፍርም። እርሱ ሲሞት በደረሰበት ዕድሜ ላይ የምገኝ ሰው ነኝና፣ ከታሪኩ የቀረልኝን ብቻ ልናገር። ወደ አንድ መንደር ፕላን ይዤ ስወርድ የመሬቱን ከፍታ፣ የድንጋዩን ክብደትና የገመዱን ጥንካሬ ስለካ ኖሬአለሁ። ገመዱን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ ሥራው ሲያልቅ የእኔ ነው የሚለው ማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሳን ዲዬጎን ካነበብሁ ወዲህ ከቅየሳው በፊት ይህን እጠይቃለሁ።