ራስ ወልደ ሥላሴ በሰንጠረዥ ፊት

እኛ በባሕር ዳር፥ በጣና ዳር የምንማር፥ ሰንጠረዥ የሚጫወት የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንጽፍ ብለን ስንነሣ ሐሳባችን የሚበረው ወደ ባሕር ማዶ ሊቃውንት ነው። ለዛሬ ግን አንድ ያገር ቤት ተጫዋች ለአንባብያን ልናስታውስ ወደድን።

ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታ ሰው ናቸው። በዘመነ መሳፍንት፥ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1816 እ.ኤ.አ. ድረስ፥ ትግራይን ገዝተዋል። መቀመጫቸው አንጣሎና ጨለቆት ነበር፤ የጨለቆት ሥላሴንም ያሠሩ እርሳቸው ናቸው። ከጣናችን በስተምሥራቅ ቤጌምድርን ይዘው ደብረ ታቦርን ከቆረቆሩት ከየጁው ራስ ጉግሣ ጋር ሲፎካከሩ ኖሩ።

በ1805 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ አንጣሎ ገብቶ ራስን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አገኛቸው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ በሻካራው የተጠረቡ፥ ትልልቆች ነበሩ፤ የሚበላውም ጠጠር በኀይል ተመትቶ ከቦታው ይወድቃል። ዙሪያውን የከበበው ሰው፥ ባሪያ ሳይቀር፥ እየጮኸ ይመክራል፤ ጠጠሩንም አንሥቶ የተሻለውን መንገድ ያሳያል። ይህ ሁሉ ነፃነት እያለ ግን በየጨዋታው መጨረሻ በብልኀት ራስ እንዲያሸንፉ ይደረግ ነበር። እንግዲህ ራስ የጨዋታ ችሎታቸውን ልክ ከማን ይወቁት?

የጥንቱ ሰንጠረዥ መክፈቻ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። እኛን ያስቸገረን ይኸው ነው። ኮምፒዩተር አንዱን አሰላለፍ ደጋግሞ እንዳይመረምር በቁጥር ለውጦ በመዝገብ ይይዘዋል። (ይህም መዝገብ ባማርኛ ሰንጠረዥ መባሉ ሳያስቀን አልቀረም።) ከተለመደው ቁጥር ውስጥ የባለተራው ምልክት አለበት፤ በወረራ ጊዜ ግን ይህን አውጥተን፥ ጠጠር ሲበላ መመለስ አለብን። መዝገቡ ሲሞላስ የትኛው ይውጣ? በጥልቀት የተመረመረውን ብቻ ብናስቀር ያለፈበት ስሌት ቦታ ይዞ ይቀራል፤ አዲሱን ሁልጊዜ ብንቀበል ብዙ የተደከመበት ይጠፋል። ስለዚህ በየስፍራው ሁለት ክፍል አድርገን አንዱን ለጥልቁ፥ ሁለተኛውን ለአዲሱ ሰጠን፤ በእያንዳንዱም ላይ ዕድሜውን ጻፍንበት። ማሽኑም እኛን ሲያሸንፍ ይሉኝታ የለውም።

ራስ ካረፉ በኋላ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ትግራይም በመጨረሻ በአጋሜው በደጃዝማች ስባጋዲስ እጅ ገባች። ከሶልት ጋር መጥቶ በራስ ዘንድ የቀረው ናትናኤል ፒርስ ከዚህ ብዙውን አይቶ ጽፎታል።