ጄምስ ብሩስ፤ የጎንደርን ርቀት ከከዋክብት ያነበበው ተጓዥ

ከጎንደር እስከ ለንደን በአየር ያለው ቀጥተኛ ርቀት ወደ 5,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን ለማወቅ ገመድ መዘርጋት አያሻም፤ የሁለቱ ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ ከታወቀ ርቀቱ በሒሳብ ይገኛል። አይሮፕላን ከመሠራቱ ከ130 ዓመት በፊት የጎንደርን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለክቶ ለአውሮፓ ያስታወቀው ጄምስ ብሩስ ነው።

ብሩስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1730 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ኪናርድ በተባለ ስፍራ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ተሾመ። የልቡ ምኞት ግን የዓባይን ምንጭ ማየት ነበር።

በ1769 ከሠዓሊው ከኢጣሊያዊው ባሉጋኒ ጋራ ምጽዋ ደረሰ። ኳድራንት የተባለውን ከባድ የኮከብ ከፍታ መለኪያ እያሸከመ ተራራ ለተራራ ተጓዘ። በየካቲት 1770 የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ፣ ዛሬ ደባርቅና ዳባት ያሉበትን ደጋ አቋርጦ ጎንደር ገባ። ከምጽዋ እስከ ጎንደር ለወፍ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለብሩስ ግን በየስፍራው የቆየበት ጊዜ ተጨምሮ ሦስት ወር ፈጀበት። በእኛም አገር ከደባርቅ ጎንደር በመኪና መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአየር ከ80 አይበልጥም።

በዚያን ጊዜ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ ሕሙማኑን በማስታመሙ ተወደደ፤ ያዕቆብም ተባለ። ሌሊት ሌሊት ከዋክብትን እየተመለከተ የጎንደርን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ አገኘ። የዛሬው ልክ 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ነው፤ ልዩነቱ አራት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ ይሁን እንጂ ጴድሮ ጳኤዝ ቦታውን በ1618 አይቶት ነበር።

በ1771 መጨረሻ በስናር በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ ስላለቁ መለኪያውንና ጽሑፎቹን ጥሎ በእግሩ አስዋን ደረሰ። የብዙ ዓመት ድካሙ በአሸዋ ላይ ቀርቶ ነበርና ጥቂት እንዳረፈ ወደ በረሃው ተመልሶ አመጣው። ፈረንሳይና ኢጣሊያ ቆይቶ ለንደን የገባው በ1774 ነው።

በለንደን ግን ብዙ ሰዎች ወሬውን እንደ ተረት ቈጥረው ሳቁበት። እሱም አዝኖ ወደ ርስቱ ገባ፤ የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከደረጃ ወድቆ ሞተ። በኋላ የመጡ ተጓዦች አብዛኛው ነገሩ እውነት መሆኑን መሰከሩለት። ከኢትዮጵያ የወሰደውም መጽሐፈ ሄኖክ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ ሰው ቢስቅብህም በጥንቃቄ የለካኸውን አትጣል። ሳቅ ያልፋል፤ ትክክለኛ ቁጥር ግን ይኖራል።